ጣሳዬ ውስጥ የዘነበው የጥር ዝናብ

እታለም፣ በስሜ መጣ! ወረቀቱ በስሜ መጣ! «ለወይዘሮ ሐረግወይን» ይላል፤ በታይፕ ተጽፎ፣ ማኅተም ተረግጦበት፣ «ወይዘሮ» የሚለው እንኳ ሳይቆረጥ ሙሉውን። ሦስት ጊዜ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ አራተኛውን ቆሜ። ጣሳውን አይወስዱብኝም፤ እንዲያውም ሌላ ዕቃ ጨምረው ሊሰጡኝ ነው!

ውይ! ሰላምታውን እንደ አጥር ዘልዬው ገባሁ። እናታችን ብትኖር «ይህች ልጅ ደጅ ሳትቆም ጓዳ ትገኛለች» ትለኝ ነበር። ይቅር በይኝና ወደ ደጅ ልመለስ። የእናቴ ምትክ እትዬ ዓባይነሽ፣ እንደምን ከረምሽ? ያ የጉልበትሽ ቁርጥማት በዚህ ክረምት እንዴት አደረገሽ? ጋሼ ይመርስ ሳሉ ለቀቀው ወይስ ዛሬም ከዶሮ ቀድሞ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል? ልጆቹ እንዴት ናቸው? አክስታችን ወለቴስ ዓይኗ ተሻላት? የጦሳ ተራራ ጭጋግ ዘንድሮም እደጃችሁ ድረስ ወርዶ ይተኛል? እኔን ጤናሽ እንዴት ነው ካልሽኝ፣ ጥርሴም ጉልበቴም ሥራቸውን አላቆሙም፤ ሥራ ፈትቶ የሚውለው የሚያዋራው ያጣ ምላሴ ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ቢረዝም አትቆጪኝ።

አሁን «የምን ጣሳ ነው?» እንደምትይ አውቃለሁ። እታለም፣ ደብቄሽ ነበር። ከአንቺ ብቻ አይደለም፣ ከመንግሥትም ደብቄ ነበር። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ነፍሱን ይማረውና ገብረወልድ ሳይንስ ያስተምር እንደነበር ታውቂያለሽ። እዚህ ነቀምት በመጣን በሁለተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ ያለው የአየር ጠባይ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ፈቃደኛ ለሆኑ መምህራን የዝናብ መለኪያ ሲያድል ለእሱም ደረሰው። ነገሩ ሲያዩት ምንም አይደለም፤ አፉ ላይ እንደ ማንቆርቆሪያ ያለበት አንድ ትልቅ ጣሳ ነው። ግቢያችን መሐል ተተከለ። ከእሱ ጋር መስመር መስመር የተሰመረበት የመስታወት ብልቃጥ አለ። በየቀኑ ጠዋት በሦስት ሰዓት የጣሳውን ውሃ ወደ ብልቃጡ ገልብጦ ስንት ሚሊሜትር እንደ ሆነ ማየት፣ ቅጹ ላይ መጻፍ፣ ወሩ ሲያልቅ ቅጹን በፖስታ መላክ ነው። ደመወዝ የለው፣ ምስጋናም የለው። ገብረወልድ ግን ሰማዩ በአደራ የተሰጠው ይመስል ነበር።

እሱ ቀልድ ሳያገኝ የሚውል ሰው አልነበረም። ቅጹ ዳር ላይ «ማስታወሻ» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ፤ በረዶ ከወረደ፣ ነፋስ ከነፈሰ የሚጻፍበት ነው። እሱ ግን «ሃያ ሰባት ሚሊሜትር። የዳኛው ጃንጥላ ተገለበጠ፤ ፍርዱ ግን አልተገለበጠም» ብሎ ይጽፋል። «ዛሬ ዜሮ። ሰማዩ ፈቃድ ወጥቷል» ይላል። እኔም «ኧረ ተው፣ የመንግሥት ወረቀት ነው» እለዋለሁ። «ማን ያነበዋል ብለሽ ነው፣ ቁጥሩን ገልብጠው ፋይል ውስጥ ይቀብሩታል» ይለኝ ነበር።

ከዚያ ጥር ሃያ አራት ቀን ስድሳ ዓመተ ምሕረት እሱ ራሱ ተቀበረ። ያን ጊዜ መጥተሽ ለመቅበር መንገዱ አልፈቀደልሽም፤ አንድም ቀን አልተቀየምኩሽም። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ያለውን ቤት ግን አላየሽውም። ሌላውን ሁሉ ልለምደው እችል ነበር፤ የሚያስቅ ነገር ሰምቼ ወደ ቤት ስሮጥ የምነግረው አለመኖሩን ግን አልቻልኩትም። ስቄ ስጨርስ ቤቱ ዝም ብሎ ያየኛል።

በቀብሩ ማግስት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ? ብልቃጡን ይዤ ወጣሁ። ጣሳው ባዶ ነበር። «ዜሮ» ብዬ ጻፍኩ። ወሩ ሲያልቅ የታዛቢው ስም በሚጻፍበት ቦታ «ገብረወልድ» ብዬ ሞላሁና ላክሁት። መሞቱን ብነግራቸው ዕቃቸውን ይወስዳሉ ብዬ ፈራሁ። እታለም፣ በዚህ ከተማ ጠዋት ጠዋት እኔን የሚጠብቅ ሌላ ነገር አልነበረኝም። ጉንፋን ይዞኝ ልተኛ ብል «ሦስት ሰዓት ሆነ እኮ» ብሎ የሚያስነሳኝ ጣሳው ብቻ ነው። «ልጅ የለሽ፣ ዘመድ የለሽ፣ ምን ይዞሽ ነው ነቀምት የምትቀሪ? ነይ ደሴ» ብለሽ በጻፍሽልኝ ቁጥር «የጀመርኩት ስፌት አለ፣ ሰው ልብሱን ይጠብቃል» እልሽ ነበር። ሰበብ ነው። የያዘኝ ጣሳው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ሄደ። ማስታወሻውንም እኔ መሙላት ጀመርኩ፤ የእኔ ግን እንደ እሱ ለዓለም የሚነገር ቀልድ አልነበረም፣ የምጽፈው ለእሱ ነበር። «ገብሬ፣ ዛሬ ሠላሳ ሁለት። ጣራው ዛሬም እዚያው ቦታ ላይ ያፈሳል፤ ሳሕኑንም እዚያው አድርጌዋለሁ» እላለሁ። «ዛሬ ዜሮ። ብታየኝ ትስቃለህ፣ ጫማ ግራና ቀኝ አዛውሬ ገበያ ደርሼ መጣሁ» እላለሁ። ማን ያነበዋል ብዬ!

ደግሞ ይገርምሻል፣ ሳላስበው ነገሩ ያዘኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት የእሱ ሥራ እንዳይቋረጥ ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን የራሴ ጥያቄ መጣብኝ። አንድ ቀን ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለች፣ ልብስ የምሰፋላት ሴት «እኛ ዘንድ ትናንት ጎርፍ ነበር» ስትለኝ የእኔ ብልቃጥ አሥራ ስምንት ብቻ ብሎ ነበር። እንዴት አንድ ዝናብ ሁለት ይሆናል? አፋቸው እኩል የሆኑ ሁለት የቲማቲም ቆርቆሮዎች ፈለግሁ፤ አንዱን እሷ ግቢ፣ አንዱን እኔ ግቢ አስቀመጥን። የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ በእኔ አሥራ አምስት፣ በእሷ ሃያ ስድስት! ደመናም እንደ ሰው ያደላል ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ትሪ ላይ ዱቄት ነፋሁና ዝናብ ውስጥ ለዓይን ጥቅሻ ያህል አውጥቼ አስገባሁት። እያንዳንዷ ጠብታ ወድቃ ዱቄቱን ጠቅልላ ኳስ ሆነች። አድርቄ በወንፊት ለየኋቸው፤ የሐምሌው ጠብታ ምስር ያህላል፣ የመስከረሙ ካፊያ ጤፍ ያህላል። ጎረቤቴ ድርቤ አጥሩ ላይ ተደግፋ ታየኝ ነበርና «አሁንስ ሰማይን ሽሮ አድርገሽ ልትሠሪው ነው! ጨውም አትርሺ» ብላ ሳቀችብኝ።

ድርቤን አታውቂያትም። የኦቦ ጨመዳ ሚስት ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። እሷ የምትሄደው መካነ ኢየሱስ፣ እኔ ማርያም፤ እሷ አማርኛዋ እንደ እኔ ኦሮምኛ ነው፣ ሁለታችንም እያነከስን እንግባባለን። «ሃደ ሮባ» ብላ የሰየመችኝ እሷ ናት፤ የዝናብ እናት ማለት ነው። አሁን ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ይለኛል። ዘር ሊዘራ የሚያስብ መጥቶ «ሃደ ሮባ፣ አምና ይህን ጊዜ ስንት ነበር?» ይለኛል፤ ደብተሬን ገልጬ እነግረዋለሁ። የምነግረው ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አለመሆኑን ብምልም የሚሰማኝ የለም። አንዱማ የልጁን ሠርግ ቀን ቁረጪልኝ ብሎኝ ነበር።

ግን እታለም፣ ይህ ሁሉ የቀን ነው። ሲመሽ በሬን እዘጋለሁ። ስፌቴን ይዤ አንዲት ጠብታ በሐሳቤ እመርጥና፣ የት ነበርሽ እላታለሁ። ገብረወልድ «የእኛ ዝናብ የሚመጣው በምዕራብ በኩል ከሩቅ ባሕር ነው» ይል ነበር። እኔም ከባሕሩ አንስቼ፣ ጫካውን አሳልፌ፣ ድንበሩን አሻግሬ ግቢዬ ድረስ አመጣታለሁ። አንዳንዴም አላስቆማትም፤ ዓባይን አሻግሬ ደሴ ድረስ እልካታለሁ፣ አንቺ ያሰጣሽውን በርበሬ ታርስብሻለች። ከመስፌት ማሽኑ ጋር ብቻዬን ስስቅ ሰው ቢያየኝ አበደች ይል ነበር። ሰው ከሚበላውና ከሚለብሰው ሌላ የሚጠይቀውና የሚያልመው ነገር ባይኖረው ኖሮ፣ እኔ እነዚያን ምሽቶች እንዴት እወጣቸው ነበር?

አሁን ወደ ጥሩ ነገር ልግባ። ዘንድሮ ጥር ሃያ አራት የገብረወልድ ሦስተኛ ዓመት ነበር። ድርቤም መጥታ ከእኔ ጋር ዋለች። በማግስቱ ብልቃጡን ይዤ ብወጣ፣ እታለም፣ ጣሳው ውስጥ ውሃ አለ! ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርቷል፤ መሬቱ ይንቃቃል፤ ጣራው ላይ አቧራ አለ። ብልቃጡ ግን ስድስት ሚሊሜትር ይላል። ሦስት ጊዜ ለካሁት። «ብልቃጡ የሚለውን ጻፊ፤ አንቺ የምትይውን አይደለም» ይል ነበር ገብረወልድ። ስድስት ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ አምስት። በሦስተኛው ቀን ስድስት። ማስታወሻው ላይ ምን ብዬ እንደ ጻፍኩ ብነግርሽ አትሳቂብኝ፦ «መሬቱ ደረቅ ነው። ደመና የለም። ብልቃጡ ግን ስድስት ይላል። ገብሬ፣ አንተ ነህ?»

እንዲህ ነው የጻፍኩት። አላመንኩም፤ አላመንኩም ማለትም አልችልም። ለስድስት ቀን ያህል ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን አበጥሬ ነበር ወደ ጣሳው የምሄደው። ወሩ አለቀ፤ የካቲት አንድ ቀን ቅጹን እንደ ልማዴ በእሱ ስም ፈርሜ ፖስታ ቤት አስገባሁት። ውሃው ግን አሁንም አልቆመም።

ከዚያ በኋላ ነው የአሥረኛ ክፍል ትምህርቴ ያፈረብኝ። ዱቄት ነፍታ ጠብታ የለካች ሴት እንዴት ይህን ሳትፈትን ትቀራለች? የካቲት ሦስት ጀምበር ስትጠልቅ ጣሳውን ዙሪያውን አመድ ነሰነስኩበት። ጠዋት ብወጣ አመዱ ላይ የበረባሶ ጫማ ዱካ ተቀምጧል፤ የመኪናው ጎማ ጥርስ አንድ በአንድ ይታያል፣ የግራው ተረከዝ ላይ በምስማር የተመታ ቁራጭ አለ። ያ ቁራጭ ሲመታ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የድርቤ ነው።

እመኚኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት አልነበረም። ሁለተኛ የተቀበረብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። አጥሩን ዞሬ ሄጄ «ድርቤ፣ ጣሳዬ ውስጥ ውሃ ትጨምሪያለሽ?» አልኳት። ምንም አልደነገጠችም። «አዎ፣ ታዲያስ!» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ባዶ፣ ወሩን ሙሉ ባዶ። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለሽ ታዪውና አንገትሽን ደፍተሽ ትገቢያለሽ። ኦቦሌቲ ኮ፣ እኅቴ፣ ጎረቤቴ ሳሕን ሰጥታኝ ባዶውን መልሼላት አላውቅም፤ አንዲት ፍሬ ባቄላም ብትሆን ጣል አደርግበታለሁ። የሐዘንተኛ ዕቃ አፉን ከፍቶ ባዶውን ሲያድር እያየሁ እንዴት ልለፈው? አንዲት ስኒ ውሃ ናት፤ ደግሞም ንጹሕ የምንጭ ውሃ ነው የጨመርኩልሽ።»

ዕቃ ባዶውን አይመለስም! አየሽ እታለም፣ እኛም ቤት እንዲሁ ነው። እኔ ግን ጣሳው ባዶ መሆኑ እንደማያስከፋኝ፣ ዜሮም ቁጥር እንደ ሆነ፣ አንገቴን የምደፋው ስለ ሌላ መሆኑን እንዴት ላስረዳት? ልናገር አፌን ስከፍት ሳቅ መጣብኝ። እሷም ሳቀች፤ ለምን እንደምንስቅ ግን አታውቅም። ሲገባትማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ዋቀዮ፣ አምላኬ! ሰማይን አስዋሸሁት!» እያለች ጉልበቷን መታች። ገብረወልድ ከሞተ ወዲህ ከሰው ጋር እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ ስጨርስም ጉንጬ ርሶ ነበር።

ቅጹ ግን ሄዷል። ተሳስቻለሁ ብዬ ልጻፍ ብል ማን ነሽ ይሉኛል። ዝም አልኩ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ደብዳቤ መጣ፦ «ለአቶ ገብረወልድ። በጥር ወር በአካባቢው ባሉ ጣቢያዎች ሁሉ ምንም ሳይዘንብ በእርስዎ ዘንድ ለስድስት ቀናት የተመዘገበው ዝናብ ማብራሪያ ስለሚያስፈልገው ተቆጣጣሪ ይላካል፤ እንደ ሁኔታው መሣሪያው ሊነሣ ይችላል» ይላል። ሊነሣ ይችላል! ድርቤ «ባሌ ሄዷል በያቸው፤ ውሸት አይደለም፣ ሄዷል እኮ፤ አለመመለሱን እነሱ አይጠይቁሽ» ብላ መከረችኝ። ምክሩ ቀልድ ቢመስልም ሳምንት ሙሉ አሰብኩበት።

ተቆጣጣሪው ግንቦት ውስጥ መጡ፤ አቶ ገቢሳ ይባላሉ። ሲሬ ላይ አውቶቡሱ ጭቃ ይዞት ሁለት ቀን አድረው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው በሬ ላይ ቆሙ። «አቶ ገብረወልድን ፈልጌ ነበር» አሉኝ። ያሰብኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ማርያም ግቢ ናቸው፤ ሦስት ዓመታቸው» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲያውስ ጣሳውን ያሳዩኝ» አሉኝ።

ድርቤ በዚህ ጊዜ አጥሩን ዞራ ደረሰች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በኦሮምኛ ጀመረች፤ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። እሷ «ይህን ሰውዬ ጠይቂው፣ የጎረቤቱን ሳሕን ባዶውን ይመልሳል? ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ወንጀል ከሆነ ይሠረኝ!» ትላለች፤ እኔ «ጎረቤቴ በስሕተት ጥቂት ውሃ እንደ ፈሰሰባት ትገልጻለች» እላለሁ። እሷ «ይህች ሴት ሙት ባሏን በወረቀት የምታናግር ናት፤ ጣሳውን ውሰድና ድምጿ ይጥፋ፣ ያን ጊዜ እሷንም መጥተህ ትቀብራለህ በይው» ትላለች፤ እኔ «ጤንነቴ ደኅና መሆኑን ትመሰክራለች» እላለሁ። አቶ ገቢሳ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ በጥርት ባለ ኦሮምኛ በአክብሮት «አዴ ድርቤ፣ እኔ የጊምቢ ልጅ ነኝ፤ እናቴም ሳሕን ባዶውን አትመልስም» አሏት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ድርቤ ግን ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ሌባ፣ ከአፌ ስንቱን ሰረቅሽብኝ!» አለችኝ።

ከዚያ ከቦርሳቸው የታሰሩ ወረቀቶች አወጡ። የእኛ ቅጾች ናቸው። «የእጅ ጽሕፈቱ ከጥር ስድሳ መጨረሻ ጀምሮ ተለውጧል፤ ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል» አሉኝ። «ማስታወሻውም ተለውጧል። ፊት ቀልድ ነበር፤ ኋላ ጭውውት ሆነ። የነቀምት ቅጽ የሚደርስበትን ቀን ቢሮው ሁሉ ይጠብቃል። ሻይ ሲጠጣ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። የጣራውን ሳሕን ሁላችንም እናውቀዋለን። የጥር ወሩ ሲነበብ ግን ታይፒስቷ ተነሥታ ወጣች፤ የሳቀም አልነበረም።»

እታለም፣ ይህን ስሰማ ምን እንደ ሆንኩ በምን ቃል ልንገርሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ የምናገር መስሎኝ ነበር። ለካ የማላውቃቸው ሰዎች ሻያቸውን ይዘው ያዳምጡኝ ኖሯል! አፈርኩም፣ ደስም አለኝ፣ እንደ ሕፃን ዓይኔን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

አቶ ገቢሳ ጣሳውን ፈተሹ፣ ብልቃጡን ለኩ፣ እኔንም አስለኩኝ። «ለምን ስድስት ብለው ጻፉ?» ሲሉኝ «ብልቃጡ ስላለ» አልኳቸው። «ደግ አደረጉ። የተጻፈ ስሕተት ይታረማል፤ የተደበቀ አይታረምም» አሉና ማረሚያ አስጻፉኝ፦ «ከጥር ፳፭ እስከ ፴ የተመዘገበው ውሃ የመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከጎረቤት ነው።» ይህ አሁን አዲስ አበባ ፋይል ውስጥ አለ። ድርቤም የጣቷን አሻራ አሳረፈችበት።

ሊሄዱ ሲሉ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «የሞተ ሰው ስም መዝገብ ላይ ማስቀመጥ አልችልም፤ ያየሁትን እጽፋለሁ። መሣሪያው ለትምህርት ቤት ወይም ለመሥሪያ ቤት እንጂ ለግለሰብ ቤት አይሰጥም የሚል ደንብ አለ። የሚወስኑት አለቆቼ ናቸው» አሉኝ። ሰኔም ሐምሌም በዚህ አለፉ። ዝናቡ እንደ ጉድ ነበር፤ አንዱን ቀን ስድሳ አንድ ለካሁ። በየጠዋቱ «ዛሬ የመጨረሻዬ ይሆን?» እላለሁ። የሰኔን ቅጽ ስልክ የታዛቢውን ስም ቦታ ባዶ ተውኩት። የእሱን እንዳልጽፍ እውነቱ ወጥቷል፤ የእኔን እንድጽፍ ማን ፈቀደልኝ?

ዛሬ ጠዋት ነው እንግዲህ ወረቀቱ የመጣው። ደንቡን ለእኔ ብለው አልፈውታል። የነቀምት ታዛቢ ሐረግወይን! ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ አቶ ገቢሳ ራሳቸው ነጭ የእንጨት ሳጥን በእግር ላይ የቆመ ይዘው ይመጣሉ፤ ውስጡ ሙቀትና ብርድ መለኪያዎች አሉበት። ከታች ደግሞ ምን ይላል መሰለሽ፦ «የማስታወሻው ዓምድ እንደ ወትሮው እንዲሞላ ይሁን።» በማኅተም! ገብሬ ይህን ቢያይ ስንት ቀን ይስቅ ነበር።

አንብቤ ስጨርስ ጮህኩ። ድርቤ ሲሬ ወንድሟ ዘንድ ሄዳለች፣ ግቢው ውስጥ ከዶሮዎቼ ሌላ ማንም አልነበረም። ለዶሮዎቹ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አይተውኝ መልሰው መጫር ጀመሩ። እዚያች ላይ ነው፣ እታለም፣ አንቺን የፈለግሁሽ። እንዲህ ያለ ቀን ከአንድ ማሕፀን የወጣ ሰው ደጅ ላይ ባይኖር ደስታውም ግማሽ ነው። ደሴ መጥቼ እንድኖር አትጠይቂኝ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ አለብኝ። እናንተ ግን ኑ። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ስኖር ከወገኔ አንድ ሰው ይህን ደፍ አልረገጠም። ሳጥኑ የሚተከልበት ቀን ድግስ እደግሳለሁ፤ ድርቤ ከሲሬ ስትመለስ ጨጨብሳውን እኔ ልሥራ ብላ እንደምትጣላኝ ከአሁኑ አውቃለሁ፣ ሰፈሩም ሁሉ ይመጣል። ሁሉም ግን ጎረቤት ነው። «ይቺ እኅቴ ናት» ብዬ የማሳየው አንድ ሰው ይቁምልኝ። ጉልበትሽ እንዳያምሽ ከአዲስ አበባ ስትነሺ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ያዢ፤ ባኮ ላይ ወርደሽ እግርሽን አፍታቺ።

ለጋሼ ይመር ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሳሉን ይዞም ቢሆን ይምጣ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስል መዝግቤ ለመንግሥት እልክለታለሁ። ለትልቋ ልጅሽ ለእናኑ የሰፋሁላት ቀሚስ ተሰቅሎ ይጠብቃታል፣ ቁመቷን በግምት ስለ ወሰድኩ መጥታ ትለካልኝ። ለታናሽየዋ ለአስካለ ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ «ደመና ከምን ይሠራል?» ብላ በፋሲካው ደብዳቤ የጠየቀችኝን መልሱን በወረቀት አልነግራትም፣ እዚህ ስትመጣ በማሰሮ እንፋሎት አሳያታለሁ። የአክስቴን የወለቴን ጉልበት በእኔ ፈንታ ሳሚልኝ፤ መንገዱ ለእሷ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ምርቃቷን ግን ጠቅልላችሁ አምጡልኝ።

ነቀምት
ነሐሴ ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.
ታናሽ እኅትሽ ሐረግወይን

ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ለፍልፌ ቀኑን ሳልነግርሽ ላሽገው ነበር። ጥቅምት ፲፫ ቀን ነው፣ እሑድ። ቅዳሜ ማታ ግቡ፤ እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሁላችሁም ግቢዬ ውስጥ እንድትቆሙ።